1776 የሆነ ቮልስ ሞተር ላይ መንታ ዌበር 40 ተገጥሞ መሀል ዙር ላይ ይቆረጣል፣ ጄት ነው ወይስ ሌላ?

ሰማያዊ_ቮልስ

ሰላም የዚ ቤት ሰዎች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ሞተሩ 1600 ባለ መንታ ፖርት ቮልስ ነበር፣ ኬዙም ቴስታታውም በቶርኖ ሰፍቶ 90.5 ፒስተንና ሲሊንደር ገባለት፣ ኮሎው አልተነካም ያው 69 ሚሊ ነው፣ ስለዚ 1776 ሆኗል ማለት ነው። ካምሻፍቱ ኤንግል ደብሊው 110 ነው፣ ማርሚታውም አራቱ ቱቦ ርዝመታቸው እኩል የሆነው ዓይነት ነው። መጀመሪያ የራሱን ካርቡሬተር ሶሌክስ 34 ፒክት 3 መልሼ አስሬበት ነበር፣ ሲነሳ ደስ ይላል ሚኒሞውም (ሳይረገጥ ቆሞ የሚሰራበት ዙር) ልክ ነው ግን 3500 ዙር ካለፈ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ብረግጠው ብረግጠው ድምፅ ብቻ ነው የሚጨምረው። ከዛ ያገለገሉ ሁለት ዌበር 40 አይዲኤፍ ካርቡሬተሮች ከነማኒፎልዳቸው አገኘሁና ገጠምኳቸው።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቆሞ ሲሰራ ይሰራል ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ፣ ሙሉ ለሙሉ ተረግጦ 3500 ካለፈ ደሞ ይበራል ልነግራችሁ አልችልም፣ መሀል ላይ ግን ከ2000 እስከ 3000 ባለው ቀስ ብዬ ስረግጥ ድክም ይላል፣ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ከዛ ድንገት ይነሳና ወደፊት ይወረውረኛል። መንገድ ሲጨናነቅ መንዳት አልተቻለም። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ይጠጣልም። አንዱ መካኒክ ሜን ጄቱን (ዋናዋን ቤንዚን የምትመጥን ቀዳዳ) አሳድገው ይላል ሌላው አሳንሰው ይላል። የትኛውን ልስማ?

ፈጣን_እግር

አሳድገው። ኦሪጅናሉ እኮ 1584 ነበር አሁን 1776 ሆኗል፣ የሚቆረጠው ቤንዚን ስላነሰው ነው። 150 ወይ 155 ክተትበትና እየው።

የድሮ_እጅ

ቆይ ልጄ፣ ጄት ለመግዛት አትቸኩል። ካንዴላው ጥላሸት የለበሰ ሞተር ላይ ቤንዚን ጨምርበት ማለት እንዴት ይሆናል? ያገለገለ ካርቡሬተር በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፣ ከምን ዓይነት ሞተር ላይ እንደወረደ አታውቅም። ስለዚ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ቁጥር በሙሉ አንብብልኝ። ቬንቹሪውን (ጉሮሮው ውስጥ አየሩን የሚያጠበውን ቀለበት) ከላይ በመብራት ስታየው ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ ካልታየህ ጠባቡን ቦታ በካሊፐር ለካው። ሜን ጄቷ ከኢመልሽን ቱቦው (ቤንዚኑን ከአየር ከሚቀላቅለው) ታች ነው የምትሰካው፣ ከላዩ ደሞ አየሩን የምትመጥነው ኤር ጄቷ አለች፣ ሦስቱም ተያይዘው ነው የሚወጡት። የሚኒሞ ጄቶቹ ለብቻቸው መያዣ አላቸው። አራቱንም ጉሮሮ እይ እንጂ አንዱን አይተህ ሌላውም እንደዛው ነው ብለህ እንዳትተው፣ ብዙ ጊዜ ሰው ሲነካካው አንዱ ጎን ሌላ ቁጥር ገብቶበት ይገኛል።

ቁጥሩ የቀዳዳው ዲያሜትር ነው፣ 145 ካለ 1.45 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ደሞ እነዚህን መልስልኝ፣ የቤንዚን ፖምፓው ምን ዓይነት ነው? ዲስትሪቢተሩስ? የሚክስቸር ቪቴዎቹ (ሚኒሞ ላይ ቤንዚኑን የሚመጥኑት) ከተዘጉበት ስንት ዙር ነው የተከፈቱት? የሚኒሞ ፍጥነት ማስተካከያዋ ቪቴስ ምን ያህል ገብታለች?

ሰማያዊ_ቮልስ

እሺ ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ፈትቼ አየሁት፣ ቬንቹሪ 32፣ ሜን 145፣ ኢመልሽን ኤፍ 11፣ ኤር 180፣ ሚኒሞ 60፣ አራቱም ጉሮሮ አንድ ዓይነት ነው። ፖምፓው ኤሌክትሪክ ነው የግፊት ሬጉላተር የለውም። ዲስትሪቢተሩ ቦሽ 009 ቫኪውም የሌለው። የሚክስቸር ቪቴዎቹ ግማሽ ዙር ቢከፈቱ ነው፣ ከዛ በላይ ስከፍታቸው ሞተሩ ይደፈናል። የሚኒሞዋ ቪቴ ደሞ ብዙ ነው የገባችው፣ ትንሽ ስፈታት ይጠፋል።

የድሮ_እጅ

በቃ የመልሱ ግማሽ እዚህ ውስጥ አለ። አንዴ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ይሄ ካርቡሬተር ቤንዚን የሚሰጥባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው የሚኒሞ መንገድ ነው፣ እሱ ደሞ ቆሞ ሲሰራ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው፣ ትሮትሉ (ስትረግጥ የሚከፈተው የአየር በር) ጠርዝ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ ፕሮግሬሽን የሚባሉት፣ ትሮትሉ ቀስ ብሎ ሲከፈት አንድ በአንድ እየተገለጡ ቤንዚን ይጨምራሉ፣ ቤንዚኑ ግን የሚመጣው ከዛችው ከሚኒሞ ጄት ነው። ሁለተኛው ሜኑ ነው፣ እሱ የሚነሳው በቬንቹሪው የሚያልፈው አየር በቂ ፍጥነት ሲያገኝ ነው። ሦስተኛው ድንገት ስትረግጥ የሚረጨው ፖምፓ ነው። ቀስ ብለህ ስትነዳ እስከ 2500 እንዳንዴም እስከ 3000 ድረስ የምትነዳው በሚኒሞ ጄት ነው። ስለዚ አንተ የምታማርርበት ቦታ ላይ ሜን ጄቱ ገና ስራ አልጀመረም፣ 155 ብትከትበት 170 ብትከትበት እዛ ቦታ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም።

አሁን ያንተን እንይ። የሚኒሞዋ ቪቴ ብዙ ስለገባች ትሮትሉ ገና ሳትረግጠው ተከፍቶ ቆሟል፣ የፕሮግሬሽን ቀዳዳዎቹ ቆሞ ሲሰራ ነው የሚጠጡት። ስትረግጥ ተጨማሪ የሚገለጥ ቀዳዳ አልቆየልህም። ከዛ ሜኑ ሊረከብ ሲገባ ደሞ ቬንቹሪው 32 ስለሆነ አየሩ ይንሸራሸራል እንጂ አይፈጥንም፣ ሜኑ ይዘገያል። አንዱ አልቆ ሌላው ሳይመጣ ያለው ክፍተት ነው ያንተ ቁርጥ ቁርጥ። በዛ ላይ የሚኒሞ 60 ትልቅ ነው ቪቴውን ግማሽ ዙር ላይ ያስጨነቀህ እሱ ነው፣ ጥላሸቱም ከዛ ነው። ሪች መሆኑና (ቤንዚን መብዛቱና) መቆረጡ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ አብረው ስለመጡ ነው ሁለቱ መካኒኮች የተለያየ ነገር የነገሩህ።

የኔ ሀሳብ፣ መጀመሪያ አየሩን ልክ አርግ ቀጥሎ ቤንዚኑን። ለ1776 እና ለደብሊው 110 ቬንቹሪ 28 በቂ ነው። ሜን ጄት ለመነሻ የቬንቹሪውን ቁጥር በ4 አባዛው 112 ይመጣል፣ 115 ወይ 120 ያዝ። ኤር 200። ሚኒሞ 50 እና 55 ሁለቱንም ያዝ። ኤፍ 11 ይቆይ እሱን አትንካ።

ፈጣን_እግር

ጋሼ በአክብሮት ግን አልገባኝም፣ ሞተሩን አሳድጎ ካርቡሬተሩን ማጥበብ ምን ይባላል? ቬንቹሪ ሲሰፋ አይደለም እንዴ ሞተር የሚተነፍሰው፣ የመጀመሪያው ሶሌክስ እኮ ትንፋሽ ያሳጠረው ጠባብ ስለሆነ ነው።

ቁጥር_ይናገራል

ጥያቄህ ጥሩ ነው በቁጥር ላሳይህ።

ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ቬንቹሪው 26 ሚሊ ነው፣ በዛች በአንዷ ጉሮሮ ነው አራቱም ሲሊንደር ተራ በተራ የሚስቡት፣ ስለዚ አየሩ ሳይቋረጥ ነው የሚፈሰው ማለት ይቻላል። 1584 ሞተር በ4000 ዙር፣ አሞላሉን 80 በመቶ ብንል፣ በደቂቃ 2530 ሊትር ገደማ አየር ይስባል፣ በ26 ሚሊ ሲያልፍ ወደ 80 ሜትር በሰከንድ ነው። 1776 በ5500 ዙር ሲሆን ደሞ 3900 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፣ በዛችው ቀዳዳ 120 ሜትር በሰከንድ አለፈ ማለት ነው። እዛ ላይ ነው ትንፋሽ ያጠረው፣ በዚህ ልክ ነህ።

አይዲኤፍ ግን አራት ጉሮሮ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አራቱን ደምሮ ከአንዱ ሶሌክስ ጋር ሲያወዳድር ነው። አንዱ ጉሮሮ የሚሰራው የራሱ ሲሊንደር በሚስብበት ጊዜ ብቻ ነው፣ ከአራት ምት በአንዱ ማለት ነው፣ የቀረውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚ ሂሳቡን በአንድ ሲሊንደር ስራው፣ 444 ሲሲ ነው። በ5500 ዙር በሚስብበት ቅጽበት በ28 ሚሊ ወደ 106 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፣ በ32 ደሞ 81 ገደማ። ወደ 2500 ዙር ውረድ፣ 28ቱ 48 ገደማ፣ 32ቱ 37 ገደማ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ቤንዚኑን ከሜን ጄት የሚስበው የግፊት ልዩነት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ከ32 ወደ 28 ስትወርድ በተመሳሳይ ዙር የመሳብ ጉልበቱ 1.7 እጥፍ ይሆናል። ለዛ ነው ሜኑ ቀድሞ የሚነሳው።

ስለ ጄቱም አንድ ነገር፣ 120 እና 145 ስታየው ልዩነቱ 20 በመቶ ይመስላል፣ ቤንዚን የሚያሳልፈው ግን የቀዳዳው ስፋት ስለሆነ 46 በመቶ ብልጫ ነው።

ፈጣን_እግር

እሺ አሁን ገባኝ። ስለዚ 32 የሚሆነው ለምን ዓይነት ሞተር ነው?

የድሮ_እጅ

ከ1900 ሲሲ በላይ ሆኖ ቴስታታው ቫልቩ የሰፋ ፖርቱ የተሰራ፣ ካሙም ከሱ የበለጠ፣ ባለቤቱም ከ4000 በታች ብዙ የማይነዳ ከሆነ።

ቤቲ_ጋራዥ

ሰላም፣ ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው ግን ቬንቹሪና ጄት ከመለወጡ በፊት መሰራት ያለበት ነገር አለ፣ ካለዛ የምትለውጠው ጄት የሚያሳይህ ነገር ውሸት ይሆናል።

ያ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ያሳስበኛል። ዌበር አይዲኤፍ የሚፈልገው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.25 ባር ነው፣ ዝም ብለው የሚሸጡት ኤሌክትሪክ ፖምፓዎች ብዙዎቹ 0.35 ከዛም በላይ ይገፋሉ። ያ ግፊት የፍሎቱን (ሳህኑ ውስጥ የሚንሳፈፈውን) መርፌ ከመቀመጫዋ ያነሳታል፣ ሳህኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከልኩ በላይ ይወጣል፣ ከዛ ሁሉም መንገድ ሪች ይሆናል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይና ፍሬን ስትይዝ ደሞ ወደ ጉሮሮው ይገነፍላል። በጄት አታስተካክለውም። ሬጉላተርና ግፊት መለኪያ አስገባበት፣ ወይም የሞተሩን የራሱን ሜካኒካል ፖምፓ መልስለት፣ ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር ይበቃል።

ከዛ የፍሎት ልክ። ክዳኑን አውጥተህ በቁሙ ያዘው፣ ፍሎቱ በራሱ ክብደት ተንጠልጥሎ የመርፌዋን ትንሽ ኳስ ሳይጫናት ነካ ብቻ ማድረግ አለበት፣ በዛን ጊዜ ከጓርኒሲዮኑ እስከ ፍሎቱ 10 ሚሊ ነው፣ ይሄ ለነሐሱ ፍሎት ነው የፕላስቲኩ ሌላ ነው። በ10 ሚሊ መሰርሰሪያ ጫፍ መለካት ትችላለህ፣ ሳይጨንቅ ሳይላላ ሾልኮ ማለፍ አለበት። ሁለቱም ካርቡሬተር አንድ መሆን አለባቸው፣ የአንዱ ከፍ ብሎ የአንዱ ዝቅ ካለ አንዱ ጎን ሜኑ ቀድሞ ይነሳል ሌላው ይዘገያል፣ ሞተሩ በግማሽ ጎኑ ብቻ ሲጎትት ይሰማሃል።

ሦስተኛ አየር መስረቅ። ማኒፎልዱ ከቴስታታው የሚጋጠምበት ጓርኒሲዮን፣ ካርቡሬተሩ ከማኒፎልዱ የሚቀመጥበት፣ የትሮትሉ ዘንግ ጫፎች ደሞ ያገለገለ ስለሆነ ያለቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳውና የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ በትንሽ በትንሹ ንካቸው፣ ዙሩ ከተለወጠ እዛ ቦታ ይሰርቃል። ማርሚታው ከጋለ በኋላ ግን እንዳትሞክረው፣ እሳት አጠገብ ነው ያለኸው። ቴስታታው ለትልቁ ፒስተን ሰፍቶ ሲመለስ የማኒፎልዱ ፊት ዝንፍ ብሎ ከሆነም ጓርኒሲዮን ብቻውን አይዘጋውም፣ ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተህ እየው።

እባክህ ስለ ቤንዚን ቱቦው ደሞ አስብበት። የቮልስ ሞተር የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በቱቦ ነው። የጎማ ቱቦዎቹን አዲስ አርግ፣ ሁሉም ጫፍ ላይ ማሰሪያ ይኑር፣ የቤንዚን ፊልትሮው ከዲስትሪቢተሩና ከቦቢናው በላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ከሞተር ክፍሉ አውጣው። ይሄን ሳታደርግ አታስነሳው።

መንገደኛ_77

ይቅርታ ልግባና፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ከሚያይ ሁለቱን ሽጦ አንድ ዌበር 32/36 መሀል ላይ ቢያስቀምጥስ? አንድ ካርቡሬተር፣ ማመጣጠን የለ ምን የለ።

የድሮ_እጅ

መጥፎ አይደለም፣ ጸጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይሆናል። ግን መሀል ላይ የተቀመጠ ካርቡሬተር ከቴስታታው ሩቅ ነው፣ ቤንዚኑ በዛ ረዥም ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ብርድ ሲሆን ማኒፎልዱ በረዶ ሲይዝ ሁሉ ታየዋለህ። ለዛ ነው ፋብሪካው የማርሚታ ሙቀት በማኒፎልዱ ስር እንዲያልፍ ያደረገው። የሱ ማርሚታ ደሞ ኤክስትራክተር (ያ ባለ አራት እኩል ቱቦው) ነው፣ የዛ ሙቀት መውጫ ካልተበጀለት ገና ከመጀመሪያው ይቸገራል። ሁለቱ አይዲኤፍ በእጁ ካሉ ማስተካከሉ ይሻለዋል።

ሰማያዊ_ቮልስ

ሰላም ተመለስኩ። ሬጉላተርና መለኪያ ገባ፣ ያለ ሬጉላተር ፖምፓው 0.4 ባር ሲገፋ ነበር አሁን 0.22 ላይ አስሬዋለሁ። ፍሎቶቹ የግራው 10 ነው የቀኙ 7 ሆኖ ተገኘ፣ ምላሷን በትንሹ አጥፌ ሁለቱም 10 ሆነዋል። በስፕሬይ ስፈትሽ የ3ኛው ሲሊንደር ማኒፎልድ ስር ዙሩ ይለወጣል፣ አውጥቼ ቀጥ ያለ ብረት ሳስጠጋበት ብርሃን ያሳልፋል፣ ፊቱ ተላጭቶ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ቱቦዎቹም ሁሉም አዲስ ናቸው ፊልትሮውም ከሞተር ክፍሉ ወጥቷል።

ቤቲ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጄት ሳልነካ ብቻ መንቀጥቀጡ ጠፋ ካንዴላውም ወደ ቡናማ እየመጣ ነው። መሀል ላይ ያለው ቁርጥ ቁርጥ ግን ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ቬንቹሪ 28፣ ሜን 120፣ ኤር 200፣ ሚኒሞ 50 እና 55 ታዘዋል። እስኪመጡ ሁለቱን እንዴት እንደማመጣጥን ንገሩኝ፣ መለኪያ አለኝ አየር የሚለካው ባለ መርፌው።

ቤቲ_ጋራዥ

ደስ ይላል። ከማመጣጠን በፊት ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) ጨርስ፣ 009 ስለሆነ ሚኒሞ ላይ ሳይሆን ከፍ አርገህ ነው የምታስረው፣ ከ3000 በላይ ይዘኸው ማዕከላዊው አድቫንስ ሙሉ ሲወጣ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መሀል ይሁን፣ እኔ 30 ላይ አስረዋለሁ። የቫልቩ ክፍተትም ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊ ይሁን። ታይሚንግ ወደ ኋላ ከቀረ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ሰው ደሞ ያን ለማንሳት ቪቴዋን ያስገባል፣ ከዛ ጋሼ ወዳሉት የፕሮግሬሽን ጣጣ ትገባለህ።

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ሲሞቅ ኬዙም ሲሊንደሩም ይለጠጣል የሁለቱ ካርቡሬተር ርቀት ይለወጣል፣ በቀዝቃዛ ያመጣጠንከው ሲሞቅ ይበላሻል። ከሊንኬጁ (ሁለቱን ካርቡሬተር አብሮ ከሚከፍተው) ወደ ታች የሚወርዱትን ሁለቱን ዘንጎች ፍታቸው፣ ሁለቱ ካርቡሬተሮች የማይተዋወቁ ይሁኑ። የፍጥነት ቪቴዎቹን ጨርሰህ መልሳቸው፣ ከዛ ምላሱን እስኪነኩ አስገባና ከነኩ በኋላ ግማሽ ዙር ብቻ ጨምር። አንድ ዙር ካለፈ ሌላ ችግር አለ ማለት ነው አቁምና ፈልግ። የሚክስቸር ቪቴዎቹን ቀስ ብለህ እስኪቀመጡ ዝጋ፣ አታጥብቃቸው ጫፋቸው ይበላሻል፣ ሁሉንም አንድ ተኩል ዙር ክፈት።

አስነሳና መለኪያውን ጉሮሮ ላይ አስቀምጥ፣ አንዱን ከሌላው በፍጥነት ቪቴው አስተካክል። በአንዱ ካርቡሬተር ሁለቱ ጉሮሮዎች መሀል ልዩነት ካለ ደሞ አነስተኛ ባነበበው ጉሮሮ በኩል ያለችውን የአየር ማለፊያ ቪቴ ትንሽ ክፈት፣ ከፍ ያለው በኩል ያለችው ዝግ ትቆይ። ከዛ ሚክስቸሩን አንድ በአንድ፣ ዙሩ መውረድ እስኪጀምር አስገባ፣ ቀስ ብለህ መልሰህ አውጣ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ልስልስ የሚልበትን ጆሮህ ይነግርሃል፣ እዛ ላይ ተወው። አራቱንም ከጨረስክ ዙሩ ከፍ ብሎ ይሆናል፣ ሁለቱን የፍጥነት ቪቴ እኩል እኩል አውርድና እንደገና ለካ።

መጨረሻ ላይ ዘንጎቹን መልስ። የዘንጉን ርዝመት ስታስተካክል ሲታሰር የአንዱንም ትሮትል ማንሳት የለበትም፣ መለኪያው ላይ ያለው ንባብ ሳይነቃነቅ ነው መግባት ያለበት። ከዛ ሊንኬጁን በእጅህ ይዘህ 2500 ላይ ሁለቱን ለካ። ሚኒሞ ላይ እኩል ሆነው 2500 ላይ ከተለያዩ ዘንጎቹ ርዝመታቸው ወይም ማዕዘናቸው አንድ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አይለካውም፣ መኪናው የሚነዳው ግን በዛ ዙር ነው። አንድ ሰው ደሞ ውስጥ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻ ይርገጥልህና ሁለቱም ትሮትል ሙሉ ቀጥ ብሎ መከፈቱን ከላይ ተመልከት።

ሰማያዊ_ቮልስ

ዕቃው መጣ ገባ። 28 ቬንቹሪ፣ 120 ሜን፣ 200 ኤር፣ ሚኒሞ በ50 ጀመርኩ። ማመጣጠኑም እንደተባለው ሄደ፣ 2500 ላይ ሁለቱም መርፌው አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። ልዩነቱን እንዴት ልንገራችሁ፣ ሌላ ሞተር ነው የሆነው፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከ1500 ጀምሮ ይጎትታል። ግን አንድ ነገር ቀረ፣ 2600 አካባቢ ለስለስ አርጌ ስረግጥ በካርቡሬተሩ አፍ በኩል ወደ ላይ ይተኩሳል፣ ጧ ትላለች አንድ ጊዜ ከዛ ያልፋል። ሚክስቸሩ ደሞ ሁለት ዙር ተኩል ላይ ነው ልስልስ የሚለው። ነዳጅ ስለቅ ማርሚታው ውስጥም ትንሽ ይንጣጣል።

የድሮ_እጅ

ጎበዝ። አሁን ሞተሩ ራሱ እየነገረህ ነው። በካርቡሬተሩ አፍ ወደ ላይ የሚተኩስ ሞተር ቤንዚን ያነሰው ነው፣ ሊን ነው። ነዳጅ ስትለቅ መንጣጣቱም አብሮ ይሄዳል፣ የማርሚታው መጋጠሚያ አየር የማይሰርቅ ከሆነ። ቪቴው ከሁለት ዙር ማለፉ ደሞ የሚኒሞ ጄቱ ጠቦበት በቪቴው ሊያካክስ እየሞከረ ነው ማለት ነው፣ መጀመሪያ በ60 ግማሽ ዙር ላይ የነበረው ተገላቢጦሽ። 55ቱን አስገባ፣ ቪቴዎቹ ወደ አንድ ተኩል ይመለሳሉ። ሜኑን አትንካው።

ሰማያዊ_ቮልስ

55 ገባ። ጧ ማለቱ ሙሉ ለሙሉ ጠፋ፣ ቪቴዎቹ አንድ ተኩል አካባቢ ሆኑ እንዳሉኝ። ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ።

ደጋ_ልጅ

ለኔም ጥያቄ አለኝ፣ ተመሳሳይ ሞተር ነው ግን የምኖረው ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ላይ ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ልውሰድ?

ቁጥር_ይናገራል

እንዳሉ አትውሰድ። 2000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ 82 በመቶ ገደማ ነው፣ ካርቡሬተር ደሞ አየሩ እንደቀለለ አያውቅም፣ ቤንዚኑን የሚቀንሰው በጥግግቱ ስኩዌር ሩት ብቻ ስለሆነ ወደ 10 በመቶ ሪች ይሆንብሃል። 10 በመቶ የቀዳዳ ስፋት ማለት በዲያሜትር 5 በመቶ ነው፣ 120 የነበረው 115 ይሁን፣ ሚኒሞውን በ50 ጀምር። ቬንቹሪው ያው 28። ወደ ቆላ ረዥም መንገድ ስትወርድ ግን ትልቁን ሜን ይዘህ ውረድ፣ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ሊን ሆኖ ሙሉ ተረግጦ ከሄደ ቴስታታው ይግላል።

ሰማያዊ_ቮልስ

ለኔ የቀረው ከላይ ያለው ዙር ነው፣ 120ው ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጉልበቱ ጥሩ ነው ግን እኔ የምፈራው ሳላውቀው ሊን ሆኖ እንዳያግለው ነው።

የድሮ_እጅ

ፍርሃትህ ትክክል ነው፣ ይሄ ሞተር ሊን ሆኖ ሲሄድ ጉልበቱ እንዲያውም ያምራል ጉዳቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚ ከሪቹ በኩል ነው ወደ ልኩ የሚወረደው። 125 አስገባ፣ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልግ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሙሉ ረግጠህ 5000 አድርሰው፣ እዛው ቁልፉን አጥፋና ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹን ነጻ አርገህ አቁም። ቁልፉን ስታጠፋ መሪው እስኪቆለፍ እንዳትመልሰው ልጄ፣ አንድ ደረጃ ብቻ። ካንዴላዎቹን አራቱንም አውጣና ሸክላው ከብረቱ የሚገናኝበትን ጥልቁን ቦታ በመብራት እይ፣ ጫፉን አትይ። ጥልቁ ላይ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ካለ ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነና ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካየህ ወዲያው ጄቱን አሳድግ። አራቱም አንድ መልክ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ከተለየ ሜን ጄት አትለውጥ፣ የዛን ጉሮሮ ጄት ቆሻሻ ይዞት እንደሆነ እይ።

ቤቲ_ጋራዥ

ዘንድሮ ባለው ሊድ አልባ ቤንዚን ካንዴላ እንደ ድሮው አይነበብም ጋሼ፣ ቀለሙ ቶሎ አይወጣም። ዋይድባንድ ሴንሰር (ከጭሱ የአየርና የቤንዚን ምጣኔውን የሚያነብ) የሚያውሰው ሰው ካገኘ ማርሚታው ላይ ብሎን አስበይዶ ቢገጥመው ይሻላል። ሙሉ ሲረገጥ ለአንድ ቤንዚን አየሩ ከ12.5 እስከ 13፣ እኩል ፍጥነት ሲሄድ 14 አካባቢ፣ ሚኒሞ ላይ 13 አካባቢ ካሳየው ጨርሷል። ከላይ ብቻ፣ 4500 ካለፈ በኋላ ሊን እየሆነ ከሄደ ኤሩን 200ውን ወደ 190 ወይ 180 ያውርደው፣ ኤር ጄት ጎልቶ የሚሰማው ከላይ ነው። ከታች እስከ ላይ እኩል ሊን ከሆነ ግን ሜኑን ነው።

የድሮ_እጅ

ልክ ነሽ ልጄ፣ ሴንሰሩ ካለ እሱ ይቅደም።

ሰማያዊ_ቮልስ

ሴንሰር የሚያውሰኝ አገኘሁ፣ ብሎኑም ተበየደ። በ125 ሙሉ ሲረገጥ 12.2 እስከ 12.4፣ በ120 ደሞ 12.8 ላይ ረግቶ እስከ 5300 ይሄዳል። 120ው ጸንቷል። እኩል ፍጥነት ላይ 13.8። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የአየር ፊልትሮዎቹን ስመልሳቸው ከላይ ወደ 12.3 ይወርዳል፣ ሳወጣቸው ይመለሳል። ፊልትሮ አልባ መንዳት አልፈልግም።

ቤቲ_ጋራዥ

አልባ እንዳትነዳ፣ አቧራው ሲሊንደሩን ይበላዋል። ፊልትሮውን አግጥመህ ነው ጄት የሚመረጠው እንጂ አውጥተህ አይደለም። ግን መጀመሪያ ክፍተቱን ለካ፣ ጉሮሮው ላይ ያሉት ቀንዶች (አየሩን የሚያስገቡት አፎች) ከፊልትሮው ክዳን ስንት ይርቃሉ? 40 ሚሊ ያህል ካልሆነ ክዳኑ አፋቸውን እየዘጋቸው ነው፣ ወይ አጠር ያሉ ቀንዶች አርግ ወይ ከፍ ያለ ፊልትሮ። ክፍተቱ ካለና አሁንም 12.3 ካሳየህ 115 ሜን ሞክር፣ ቴስታታው እንዳይግል ግን 13ን እንዳያልፍ እየው።

ሰማያዊ_ቮልስ

18 ሚሊ ብቻ ነው። ከፍ ያለውን ፊልትሮ አዝዣለሁ፣ ሲመጣ ንባቡን እዚሁ እጽፈዋለሁ።